የቀድሞ ወታደሩን ማን ይጠይቀው?



ከነቀምቴ በስተሰሜን ባለችው ኡኬ፣ በገበያ ቀን አንድ እግሩን እየጎተተ ጨውና ሳሙና የሚሸምት አዛውንት ሲያልፍ «የደርግ ወታደር ነበር» ይባላል። ቃሉ እንደ ስድብ ሲወረወርም ሰምቻለሁ። የገዛ ልጆቹ እንኳ ከዚያ በላይ አይጠይቁትም።

ለመሆኑ እንዴት ወታደር ሆነ? በ1975 (እ.ኢ.አ.) የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። ወረቀቱ ይህን ይበል እንጂ ኮታው የሚሞላው በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ነበርና ከገበያ መሐል የታፈሰው፣ ሌሊት ከቤቱ የተወሰደው ብዙ ነው። ሁለቱ ዓመትም ለብዙዎቹ አላለቀም። ኦሮምኛ ብቻ ይናገር የነበረ የወለጋ ገበሬ ልጅ አማርኛን በምሽግ ውስጥ ለመደ። በመጋቢት 1980 አፋቤት፣ በየካቲት 1982 ምፅዋ ሲወድቁ እዚያው የነበረ አለ።

በግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። ከኤርትራ በእግሩ ሱዳን፣ ከሰላ የደረሰ አለ፤ መለዮውን እንደለበሰ በአዲስ አበባ ጎዳና የለመነም አለ። በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ገበሬው ስንቅና መጓጓዣ እየተሰጠው ወደ ቀዬው ተሸኘ። (ከነዚሁ መሐል በ1990 በተነሳው የኤርትራ ጦርነት ዳግም የተጠሩ ነበሩ። «የደርግ» ብሎ የሚሳደበው ሰው ይህን አያነሳም።)

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያልተመለሰው ጓደኛው ነው። ብዙ ቤተሰብ የልጁን መርዶ የሰማው ከመንግሥት ሳይሆን ከተመለሰ ጓደኛው አፍ ነው፤ ጨርሶ ያልሰማም አለ። ሚስት ዒዳ ልትቆጥር፣ ውርስ ሊከፈል የሚችለው መሞቱ በምስክር ሲረጋገጥ ወይም ፍርድ ቤት ስለ መጥፋቱ ሲወስን ነው። ምስክሩ ደግሞ ያ ጨውና ሳሙና የሚሸምተው ሰው ሊሆን ይችላል። ዕድሜው 60ን አልፏል፤ አብሮት የሚያስታውስ ሰው በየዓመቱ ይቀንሳል።

እናንተ ወጣቶች፣ ከመግሪብ በኋላ አባታችሁ ወይም አያታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። የት ሠለጠነ? ክፍለ ጦሩና ብርጌዱ የትኛው ነበር? ረመዳንን በምሽግ እንዴት አሳለፈው? አጠገቡ የወደቀው ማን ነው፤ የየትኛው አገር ልጅ? መልሱ ዝምታ ከሆነ አትጫኑት፤ ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ስለ ጓደኞቹ ብትጀምሩለት ይቀለዋል። የሚነግራችሁን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱና ከነቀበሌው ጻፉት። የዚያ ሰው ቤተሰብ ምናልባት እዚሁ ጊዳ አያና ወይም ነቀምቴ ይሆናል።