ከጭስ ጉልበት የሚያወጡት



ፎርሙላ ዋን ሲነሳ የሚጠራው የሾፌሩ ስም ነው። የዚህ እትማችን ትኩረት ግን ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ባለ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሃይብሪድ ሞተር ግዴታ ሲሆን፣ ለአንድ ውድድር የሚፈቀደውም ነዳጅ በ100 ኪሎ ተገደበ። ከዚያ ወዲህ ፉክክሩ ነዳጅን ሳያባክኑ ጉልበት የማውጣት ሆነ።

መርሴዲስ ቀደመ። የቱርቦውን ሁለት ክፍሎች ለያይቶ አንዱን ከሞተሩ ፊት፣ ሌላውን ከኋላ አስቀመጠ፤ በዚያው ዓመት ከ19 ውድድሮች 16ቱን አሸነፈ። ሆንዳ በ2015 ከማክላረን ቡድን ጋር ወደ ውድድሩ ሲመለስ፣ በገዛ አገሩ በሱዙካ የሞተሩ ድክመት በቡድኑ ሾፌር በአሎንሶ አንደበት በሬዲዮ ተሰማ። ሆኖም በ2021 ሾፌሩ ቬርስታፐን የዓመቱን ዋንጫ ያነሳው በሆንዳ ሞተር ነው። ሞኝነት የመሰለው ትዕግሥት ፍሬ አፈራ።

ለ2026 በወጣው ደንብ ከጭስ ማውጫው ሙቀት ኤሌክትሪክ ያመነጭ የነበረው ክፍል ቀርቷል፤ የኤሌክትሪኩ ድርሻም ወደ ግማሽ ተጠግቷል። አውዲ ገብቷል፤ ሬኖ ወጥቷል። ነባሮቹም እንደ አዲስ ተማሪ ከ«ሀ» ይጀምራሉ።

በሚቀጥሉት ገጾች ይህን ጉዞ ከፋብሪካ እስከ መወዳደሪያው ሜዳ እንከተላለን።

መልካም ንባብ!

አዘጋጁ