የሚያልፈውና የሚያድረው፦ የኤርዙሩም ታሪክ፣ ኢኮኖሚና የክረምት ቱሪዝም

በምሥራቅ ቱርክ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ኤርዙሩም በብርዷ ስሟ የገነነ ከተማ ናት። የጥር ወር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከዜሮ በታች ከ30 ዲግሪ ያለፈ ብርድ የወረደባቸው ሌሊቶችም ተመዝግበዋል። በአማርኛ ክረምት ሲባል ዝናብና ጭቃ ስለሚታሰብ፣ እዚህ ላይ ቃሉ የበረዶውን ወራት የሚያመለክት መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ኦቶማናዊ ተጓዥ ኤቭሊያ ቸለቢ ስለዚህ ብርድ የተወው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ስትዘል በአየር ላይ እንዳለች የደረቀች ድመት፣ ከወራት በኋላ ብርዱ ሲለቅ እየጮኸች መሬት ወደቀች ይላል። ወሬው ለቱሪዝም ማስታወቂያ የተመቸ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ግን ኤቭሊያ ኤርዙሩም የገባው ብርድ ሊያይ ሳይሆን በጉምሩክ ጸሐፊነት ሊያገለግል መሆኑ ነው። ጉምሩክ የሚለው ቃል በቱርክኛም በአማርኛም አንድ ነው፤ የከተማዋን ኢኮኖሚ ለመረዳትም ከድመቷ ይልቅ የጉምሩኩ ጸሐፊ የተሻለ መሪ ነው።

ኤርዙሩም በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ስም ቴዎዶስዮፖሊስ ተብላ የሮም ምሥራቃዊ ድንበር ምሽግ ሆነች። አርመኖች ካሪን፣ ዐረቦች ቃሊቀላ ይሏት ነበር። የዛሬው ስሟ በ1049 ከጠፋችው ከአጎራባቿ ከአርዘን የተረፉ ሰዎች ይዘውት የመጡት ሲሆን «የሮማውያን አርዘን» ማለት ነው። ከ1071ዱ የማንዚከርት ጦርነት በኋላ ሳልቱቃውያን፣ ሴልጁቆች፣ ሞንጎሎች፣ በመጨረሻም ኦቶማኖች ተፈራርቀውባታል። እነዚህን ሁሉ ወደዚህ ብርዳም አምባ የሳባቸው መንገዱ ነው። ከጥቁር ባሕር ወደብ ከትራብዞን ተነሥቶ ወደ ታብሪዝ የሚዘልቀው የሲራራ ጎዳና በኤርዙሩም ያልፍ ነበር፤ ሲያልፍም ይቆም ነበር። ሲራራው ጭነቱን ያራግፋል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ከብቱን ይቀይራል፣ የተራራው መተላለፊያ በበረዶ ሲዘጋም እስኪከፈት ይጠብቃል። በ1310 የተሠራው የያኩቲዬ መድረሳና በ16ኛው መቶ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሩስተም ፓሻ ያስገነባው የሲራራ ማረፊያ የዚያ ቆይታ ምስክሮች ናቸው። ብርዱ በራሱ ሀብት ሆኖ አያውቅም፤ ሀብት የሆነው መንገደኛውን ባሳደረ ጊዜ ነው።

መንገዱ ሲዞር የሆነው ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሩሲያ ከጥቁር ባሕር ወደ ቲፍሊስ የባቡር ሐዲድ ዘረጋች። የፋርስ ንግድ ቀስ በቀስ ኤርዙሩምን ተወ። ብርዱ አልተለወጠም፤ ገበያው ግን ቀዘቀዘ። በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። የሩሲያ ሠራዊት በ1829፣ በ1878 እና በ1916 ወደ ከተማዋ ገብቷል። ትውልዱን ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሐበሻ የሚቆጥሩለት ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን የመጀመሪያውን ዘመቻ ተከትሎ መጥቶ ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጽፏል። በ1914 መጨረሻ በሳሪካሚሽ ተራራዎች ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኦቶማን ወታደሮች ያለቁት ከጥይት ባልተናነሰ በብርድ ነው። በ1915 ደግሞ ከነጋዴውና ከእጅ ባለሙያው ከፍተኛ ክፍል የነበሩት የከተማዋ አርመኖች ተግዘው አለቁ። ኤርዙሩም ያጣችው ሕዝብ ብቻ አልነበረም፤ መንገደኛውን ተቀብሎ ማስተናገድ የሚያውቀውን ሙያተኛም ጭምር ነው። ስለ ቱሪዝም የሚዘጋጁ ጽሑፎች ይህን ዘለው ከመድረሳው ወደ ስኪው መሻገራቸው ታሪኩን ከማድበስበስ አልፎ የኢኮኖሚ ትንተናውንም ጎደሎ ያደርገዋል።

በሪፐብሊኩ ዘመን መንግሥት ከተማዋን መልሶ ለማቆም ሞክሯል። የ1919ኙ የኤርዙሩም ጉባኤ ለሪፐብሊኩ ምሥረታ መሠረት ከጣሉት አንዱ በመሆኑ ከተማዋ የፖለቲካ ክብር ነበራት። በ1939 ባቡር ደረሰላት፤ በ1957 የአታቱርክ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ዩኒቨርሲቲው የተደራጀው በአሜሪካ የልማት ርዳታ፣ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት ነው። በዚያው ዘመን የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ሲያቋቁሙ የያዙት ሐሳብም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ምርምርና ትምህርት ለአካባቢው ገበሬ እንዲደርስ ማድረግ። ኑሮው በከብት እርባታ ለተመሠረተ ደጋ አገር ሐሳቡ የሚስማማ ነበር።

ባለፉት ዓመታት ግን ተስፋው ሁሉ ወደ ፓላንዶከን ተራራ ዞሯል። ጫፉ ከ3,100 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ተራራ ከከተማዋ መሐል በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል። ከተማዋ በ2011 የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን የክረምት ጨዋታ አስተናግዳለች፤ ለዚህም የበረዶ አዳራሾችና የስኪ ዝላይ ማማዎች ተሠሩ። በሐምሌ 2014 የዝላዩ ማረፊያ በመሬት መንሸራተት ፈረሰ፤ ኋላም ተጠገነ። ቱርክ በኤርዙሩም ስም ለ2026 የክረምት ኦሎምፒክ ብትጠይቅም፣ ዓለም አቀፉ ኮሚቴ በ2018 ከተማዋን ከእጩዎች ውጭ አደረጋት። ውሳኔው በከተማዋ ቅሬታ ቢያሳድርም ጉዳት ነበር ለማለት ያስቸግራል። የዝላይ ማረፊያዋ የፈረሰባት ከተማ ሌሎች ማማዎችን ለሁለት ሳምንት ድግስ ከመገንባት ድናለች።

ለበረዶው የሚቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ዝቅ ያሉ የስኪ ሥፍራዎች በረዶ እያጡ ነው፤ ፓላንዶከን ግን ከፍታው ይጠብቀዋል። ከሩሲያና ከኢራን የሚመጣው እንግዳም በአውሮፕላን ጥቂት ሰዓት ቢሆነው ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ እንግዳው ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ተራራው ሆቴል ይወሰዳል፤ ይበላል፣ ይንሸራተታል፣ በመጣበት ይመለሳል። ከተማዋን የሚያያት በመስኮት ነው። የሩስተም ፓሻ የሲራራ ማረፊያ ዛሬ የኦልቱ ድንጋይ ገበያ ሆኗል፤ ይህን ከከሰል ዘር የሆነ ጥቁር ድንጋይ ጠርበው መቁጠሪያና ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች በየሱቁ ተቀምጠዋል። በተራራው ላይ ያለው ሀብት ወደ እነዚህ ሱቆች እንዲወርድ የሚያደርግ ነገር ከሌለ፣ የበረዶው ብዛት ለእነሱ የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ሌላውም የሚያልፍ ነው። ከባኩ በቲፍሊስ በኩል የሚመጣው የጋዝ ቧንቧ በኤርዙሩም ስም ቢጠራም ጋዙ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ከ2019 ጀምሮ ከአንካራ ወደ ካርስ የሚሄደው የቱሪስት ባቡር በከተማዋ የሚቆመው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ሰውም እያለፈ ነው፤ በ2007 785 ሺህ ገደማ የነበረው የግዛቷ ሕዝብ በ2023 ወደ 750 ሺህ ወርዷል፤ በዚሁ ጊዜ የአገሪቱ ሕዝብ ከ70 ሚሊዮን ወደ 85 ሚሊዮን አድጓል። የስኪ እንግዶች ቁጥር የሚታተምበት ሪፖርት ከዚህ ቁጥር ጎን ካልተነበበ የሚነግረው ግማሹን ብቻ ነው።

በኤርዙሩም ክረምቱን በሙሉ የሚያድረው እንግዳ ተማሪው ነው። በመጸው ይመጣል፤ ቤት ተከራይቶ፣ ከሰፈሩ ዳቦ ቤት እየገዛ፣ ብርዱን ከነዋሪው እኩል ችሎ እስከ ሰኔ ይቆያል። ሲራራው ይሰጥ የነበረውን ገቢ ዛሬ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ሆኖም በየትኛውም የቱሪዝም ሰንጠረዥ አይቆጠርም። ለማማ የሚመደበው ገንዘብ በከፊል ለተማሪ መኖሪያ፣ ለድንጋይ ጠራቢዎቹ ሱቅ ኪራይ፣ የእርሻ ፋኩልቲውን ከከብት አርቢው ጋር ለሚያገናኝ የወተትና የሥጋ ማቀነባበሪያ ቢውል፣ ተመርቆ የሚሄደው ወጣት የሚቀርበት ምክንያት ያገኝ ነበር። አሁን ባለው አሠራር በጥር መጨረሻ የትምህርት ዕረፍት ሲሆን ሆቴሎቹ በስኪ እንግዳ ይሞላሉ፤ በዚያው ሳምንት ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይሄዳል፣ በከተማዋ መሐል ያሉት ምግብ ቤቶችም ጭር ይላሉ።