ቦዲው የቶዮታ፣ ሞተሩ የማን?

ሮን ካፕስ የተባለው አሜሪካዊ የድራግ ሬስ ነጂ እ.ኤ.አ. በ2021 የፈኒ ካር ሻምፒዮን የሆነው በዶጅ ነበር። በዓመቱ የራሱን ቡድን አቋቁሞ ዶጅን ተወና በቶዮታ ሱፕራ ቀረበ፤ በ2022ም ዋንጫውን ደገመው። የዶጅ ወዳጆች ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። በሐበሻው ዘንድ ደግሞ ቶዮታ ሲባል ነገሩ ሌላ ነው። አገር ቤት በኮሮላ ያልተሳፈረ፣ እዚህ መጥቶ ካምሪ ያልነዳ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራልና «የኛ መኪና አሸነፈ» የሚል አይጠፋም።

ይሁንና ውድ አንባቢ፣ የዚያን ሱፕራ ቦዲ ቀና አድርጎ ውስጡን ያየ ሰው ግራ ይጋባል። እዚያ ውስጥ ቶዮታ ለገበያ ከሚያቀርባቸው ሞተሮች አንዱም የለም። ያለው ክራይስለር በ1960ዎቹ ካወጣው፣ 426 ሄሚ ከሚባለው ሞተር የተወለደ ቪ8 ነው። ዶጅ ማለት ደግሞ የክራይስለር ልጅ ነው! በጎን ባለው መስመር የቆመው ሸቭሮሌም ሆነ ፎርድ የያዘው የዚያኑ ዘር ነው።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ሆነ? ውድድሩን የሚያስተዳድረው ዋሊ ፓርክስ በ1951 የመሠረተው ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለፈኒ ካር የሚፈቅደው 500 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 8.2 ሊትር ገደማ የሆነ ሞተር ሲሆን፣ የሚቃጠለው ቤንዚን ሳይሆን እስከ 90 በመቶ ናይትሮሜቴን ያለበት ነዳጅ ነው። ከዚህ ሞተር ወደ 11,000 የፈረስ ጉልበት ይወጣል። ይህን እሳት የሚችለው የሄሚው ንድፍ ሆኖ ስለተገኘ ደንቡም በእርሱ ዙሪያ ተጻፈ። ሻንሲው ከብረት ቱቦ የተበየደ ነው፤ የየትኛውም ኩባንያ ማርክ የለበትም። እንግዲህ መኪናውን ቶዮታ ወይም ፎርድ የሚያሰኘው ቦዲው ብቻ ነው ማለት ነው።

ቦዲው ከካርቦን ፋይበር የተሠራ አንድ ወጥ ቅርፊት ነው። የሚከፈት በር የለውም፤ ከኋላ በኩል ተይዞ ከፊት ወደ ላይ ይነሣል፣ ነጂውም ከሥሩ ይገባል። የፊት መብራቱ የተለጠፈ ሥዕል ነው። ደንቡ ግን በዚህ ቅርፊት ላይ አይቀልድም። ቅርጹ ፋብሪካው ለሕዝብ ከሚሸጠው መኪና ጋር መመሳሰል አለበት፤ ማኅበሩ አይቶ ካልፈቀደውም ውድድር አይገባም። ከተፈቀደ በኋላ አንድ ቡድን ተነሥቶ ጣሪያውን ልቁረጥ፣ የኋላ ክንፉን ላስረዝም ቢል አይሆንለትም። በሰዓት ከ300 ማይል በላይ በሚኬድበት ፍጥነት ነፋሱ በጣት የሚለካ ልዩነት ያውቃል። ገደብ ባይኖር ሁሉም መኪና አንድ መልክ ይይዝና፣ ኩባንያው እሑድ አሸንፎ ሰኞ የሚሸጠው ፊት ያጣ ነበር።

ስሙም የመጣው ከቅርጽ ጨዋታ ነው። በ1965 ክራይስለር ዶጅና ፕሊመዝ መኪናዎቹን ጎማቸውን ወደፊት አስገፍቶ ላካቸው። መልካቸው ተጣሞ ስለታየ «አስቂኝ መኪና» ተባሉ፣ ፈኒ ካር የሚለውም በዚያው ቀረ። በ1966 ደግሞ ዶን ኒኮልሰን ወደ ላይ የሚነሣ የፋይበርግላስ ቦዲ ባለው መርኩሪ ኮሜት ተወዳደረ። ከዚያ ወዲህ ማርክ መለወጥ ሸሚዝ እንደመለወጥ ሆነ።

ሸሚዝ ነው ብሎ ማቃለል ግን አይገባም። አሥራ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነውን ጆን ፎርስን እንውሰድ። በ1990 የመጀመሪያውን ዋንጫ በኦልድስሞቢል አገኘ፤ በ1996 በፖንቲያክ አሸነፈ፤ በ1997 ወደ ፎርድ ተሻገረ። (ሁለቱ የቀድሞ ማርኮች ዛሬ ከገበያ ጠፍተዋል፣ ነጂው ከፋብሪካዎቹ ዕድሜ ቀደመ።) ከፎርድ ጋር የነበረው ጉዳይ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። በመጋቢት 2007 የቡድኑ ወጣት ነጂ ኤሪክ ሜድለን በልምምድ ላይ ሳለ ጎማው ተበላሽቶ መኪናው ክፉኛ ተንቀጠቀጠና ራሱ ተጎድቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ የፎርድ መሐንዲሶች ከቡድኑ ጋር ሆነው ነጂው የሚቀመጥበትን ክፍልና ሻንሲውን መርምረው አሻሻሉ።

በ2013 ፎርድ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ እንደሚወጣ አስታወቀ። ለብዙ ዓመታት ስፖንሰር የነበረው የካስትሮል ዘይትም በዚያው በ2014 ተሰናበተ። ሁለት ሴት ልጆቹ አብረውት ለሚነዱበት፣ የብዙ መካኒክ እንጀራ ላለበት ቡድን ሁለቱም ምሰሶ ባንድ ዓመት ወደቀ። በ2015 በሸቭሮሌ ካማሮ ሲመለስ «ከዳ» ያለው ሰው ካለ፣ የደመወዝ ቀን ሲደርስ የሚሆነውን አያውቅም።

የሕይወቱ ነገር ከማርኩ ይበልጣል። ሰኔ 21 ቀን 2008 ኒው ጀርሲ ውስጥ ኢንግሊሽታውን በተባለው ቦታ ስኮት ካሊታ የቶዮታ ቦዲ በለበሰ ፈኒ ካር ሲሮጥ ሞተሩ ፈነዳ፤ መኪናው ሳይቆም ከሜዳው መጨረሻ አልፎ ሄዶ ሕይወቱ አለፈ። ከሩብ ማይል፣ ማለትም ከ1,320 ጫማ የነበረው ሩጫ ለፈኒ ካርና ለቶፕ ፊውል ወደ 1,000 ጫማ ያጠረው በዚህ ሰበብ ነው። በቦዲው ላይም ነጂው ከእሳት የሚያመልጥበት የጣሪያ መውጫ፣ ሞተር ሲፈነዳ ቅርፊቱ ተገንጥሎ እንዳይበር የሚይዝ ማሰሪያ በደንብ ገብቷል። የማርኩ ምልክት የት ይለጠፍ ከሚለው ክርክር ይህ ሳይሻል አይቀርም።

ነገሩን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ፣ በማኅበሩ ትልልቅ ውድድሮች ቲኬት የገዛ ሁሉ መካኒኮቹ ወደሚሠሩበት ግቢ መግባት ይፈቀድለታል። በሁለት ሩጫ መካከል ቦዲው ተነሥቶ ሞተሩ እስከ ፒስተኑ ሲፈታና ሲገጠም ቆሞ ማየት ይቻላል። የጆሮ መድፈኛ መያዝ ነው፤ ሞተሩን ሲያስነሡት ደግሞ የናይትሮው ጢስ ሽንኩርት እንደሚከትፍ ሰው ያስለቅሳልና ሕፃናትን ራቅ ማድረግ ይበጃል።