ስለ ልጆቻችን አቋቋም

አባት ልጁ ጐብጦ ተቀምጦ ባየ ጊዜ «ቀና በል!» ብሎ ይቈጣል። ልጁም ለጥቂት ጊዜ ቀና ይልና አባቱ ፊቱን ሲያዞር ወደ ልማዱ ይመለሳል። ቍጣ ጀርባን የሚያቀና ቢኾን ኖሮ በአገራችን ጐባጣ ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ ወላጆችም የትምህርት ቤት ሹሞችም አስቀድመው ሊመረምሩት የሚገባው የልጁ ጀርባ ስለ ምን እንደ ጐበጠ ነው።

ከዞብል ተራራ ግርጌ በተዘረጋው በቆቦ ሜዳ የምትኖር አንዲት የ14 ዓመት ልጅ እናስብ። ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ውሃ ትቀዳለች። 20 ሊትር የሚይዘው ጄሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ የልጅቱ ክብደት 40 ኪሎ ቢኾን የራሷን እኵሌታ በገመድ አስራ በጀርባዋ ተሸከመች ማለት ነው። ያን ያህል የተሸከመ ሰው ወደ ፊት ካላጐነበሰ ወደ ኋላ ይወድቃል። ወንድሟም በመከር ጊዜ የማሽላ አገዳ ሲሸከም ይሰነብታል። እንዲህ ደክመው ገብተው ለቁመታቸው በማይስማማ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ቢጐብጡ ስንፍና አይባልም።

በሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። አንገቷን የደፋች ልጅ በአገራችን ትመሰገናለች፤ ጡቷ ማጐጥጐጥ ሲጀምርም እፍረት ይይዛትና ትከሻዋን ትሰበስባለች። አንገት መድፋት ትሕትና ነው፤ ጀርባን ማጕበጥ ግን ትሕትና አይደለም። ይህን እናት በለዘበ ቃል ብትነግራት ይሻላል።

የድካምና የልማድ ጕብጠት ልጁ ሲታዘዝ ይቃናል፤ በጨዋታና በሰውነት ማጠንከሪያም ይሻሻላል። ሲታዘዝ የማይቃናው ግን የሐኪም ነገር ነው። አንደኛው ስኮሊዮሲስ የሚባለው የአከርካሪ ወደ ጐን መጣመም ነው። ከ10 ዓመት በኋላ በፈጣን ዕድገት ጊዜ ይገለጣል፥ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ልጁ እግሩን ገጥሞ፥ ጕልበቱን ሳያጥፍ፥ መዳፎቹን አጋጥሞ ወደ ፊት ሲያጐነብስ የጀርባው አንድ ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ መመርመሪያ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም አዳምስ በ1865 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሲኾን ከዐይን በቀር መሣሪያ አይሻም። ሴቶቹን ሴት መምህር ትያቸው። ኹለተኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ የማይተው የጀርባ ሕመም፥ የሌሊት ላብ፥ መክሳት፥ በኋላም ሹል ጕብጠት ያመጣል። ይህን በሰውነት ማጠንከሪያ አቀናለሁ ማለት ልጁን መጕዳት ነው፤ በጊዜው ካልታከመ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ መድኀኒቱ ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ ይሰጣል።

በአዲስ አበባ የሚሠሩት ዶክተር ሪክ ሆድስ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አከርካሪያቸው እጅግ የጐበጠ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና ይልካሉ። ያን ያህል ርቆ የሚያስኬድ ጕብጠት በአንድ ቀን አልመጣም፤ ገና ሲጀምር ልጁን በየቀኑ የሚያየው መምህር ነው። የትምህርት ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ጤናና ሥርዐተ ምግብ ስትራቴጂ አውጥቷል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው አሉ። ርእሰ መምህሩ ከእነርሱ ጋራ ተነጋግሮ በመስከረም ምዝገባ ሲያልቅ ልጆቹን አንድ ቀን ቢያስመረምር ትልቅ ወጪ አይጠይቀውም።

ስለ ጄሪካኑም፥ መንገዱ ሩቅ ለኾነበት ቤት «በ10 ሊትር ኹለት ጊዜ ተመላለሺ» ማለት ቀላል ምክር እንዳልኾነ እናውቃለን። አህያ ያለው አባት ግን በመከር ጊዜ እህል እንደሚጭንባት ሁሉ ጧት ጧት ውሃውን ይጫንባት።