ለሚጣሉት ጨዋታዎች ጥብቅና

«ያላለቀ ጌም ጌም አይባልም» የሚሉን አሉ። በትርፍ ጊዜው ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት አንዲት ሐሳብ ብቻ የያዘች የሙከራ ጨዋታ ሠርቶ ሲያሳያቸው፣ «ሥዕሏ የት አለ? ታሪኳስ? ስንት ብር ታስገባለች?» እያሉ ያሸማቅቁታል። እርሱም አፍሮ ወደ «ትልቁ ሥራ» ይዞራል፤ ዝላዩ ለተጫዋች እጅ ይመች አይመች ሳይፈትን፣ ለጀግናው ካባ ሲስልና ካርታ ሲዘረጋ ሁለት ዓመት ያልፋል።

እነዚህ ሰዎች ገበጣን አላዩም ይሆን? መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ጠጠር መልቀም ይበቃል። ከእንጨት የተጠረበው ገበታ ለዓይን ያምራል እንጂ ጨዋታውስ ያለው በሕጉ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች ለራሳቸው ደንብ አወጡ፦ እያንዳንዱ ጨዋታ በአንድ ሰው፣ ከሰባት ቀን ባነሰ ጊዜ ይሠራ። በአንድ ሴሚስተር ከ50 በላይ ሠሩ። ከነዚያ አንዷ፣ ዝልግልግ ኳሶችን እያያያዙ ግንብ የሚያቆሙባት፣ በ2008 «ወርልድ ኦፍ ጉ» ተብላ ለገበያ በቃች። ተቺዎቻችን ሲረቱ የሚጠቅሱት ይህችኑ ብቻ ነው (እርሷ ሸጣለችና!)። እኔ ግን ጥብቅና የቆምሁት ከሙከራነት ላላለፉት ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ጠይቀው በሳምንት ውስጥ መልስ አግኝተዋል። «ይህ አያጫውትም» ማለትም መልስ ነው፤ ሰባት ቀን የፈጀበት ሰው ጥሎት ሌላ ይጀምራል፣ ሁለት ዓመት የፈጀበት ግን እውነቱን እያወቀ እንኳ መጣል አይሆንለትም።