«አይታይም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም

ለዚህ የቤተሰብ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አንዲት የአሥር አለቃ ባለቤት የላኩልን ጥያቄ ፈጣን መልስ የሚሻ ሆኖ አግኝተነዋል። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩት ባለቤታቸው በቅርቡ ባደረጉት ምርመራ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ «አይታይም» ተብለዋል። ታዲያ፣ ይላሉ እኅታችን፣ ለማይታይ ነገር በየዕለቱ እንክብል መዋጥ ለምን ያስፈልጋል? አሥር አለቃው አንዳንድ ቀን መዝለል ጀምረዋልና።

ጥያቄው ተገቢ ነው። «ዝም ብለው ይዋጡ» ብለን ብንመልስ ግን ምንም አልመለስንም። በጦር ሰፈር አብዛኛው ነገር በትእዛዝ ይከናወናል፤ እንክብሉን የሚቆጣጠር ተረኛ መኮንን ግን የለም። ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ደግሞ ትእዛዙን የሚያከብረው እስኪሻለው ድረስ ነው።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያስወጣውም። ከፊሉ በአንዳንድ የደም ሴሎች ውስጥ እንደ መሸገ ጦር አድፍጦ ይቆያል፤ የምርመራው መሣሪያም አያገኘውም። እንክብሉ ሲቋረጥ በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዳግም ይነሣል። እየዘለሉ መዋጥም የራሱ አደጋ አለው፤ በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ሲሳሳ ቫይረሱ እየተራባ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያ ሊያፈራ ይችላል።

ለትዳሩም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። እንክብሉን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለትዳር ጓደኛው እንደማያስተላልፍ የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ስለሆነም አሥር አለቃው የሚዘሏት እያንዳንዷ ዕለት የባለቤታቸውን ጋሻ ታሳሳለች።

በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. ብዙዎች በቀን ሁለት ጊዜ ይወስዱ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ታካሚ የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድነት የያዘ አንድ እንክብል ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ። ስለዚህ ጾም ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ሰዓቱን ወደ ምሽት ማዛወር ይቻላል። ጠበልም ቢሆን እንክብሉን አያስቀርም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ለጨጓራ የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ የብረትና የካልሲየም እንክብሎች ግን የዶሉቴግራቪርን ኃይል ስለሚቀንሱ እነዚህን የሚወስድ ሰው ለባለሙያው አስቀድሞ ይንገር። የረሳ ሰው ባስታወሰ ጊዜ ይዋጥ፤ ሁለት ደርቦ ግን አይዋጥ።

እኅታችን ሆይ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሁለታችሁም ወደ ጤና ተቋሙ ሂዱ። አሥር አለቃው የዘለሏቸውን ቀናት ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ባለሙያው የሚቆጡ ከሆነ ይቆጡ፤ ቁጣው ያልፋል። ገለጻው ካበቃም በኋላ ባለቤትዎ የሰሙትን በራሳቸው አንደበት መልሰው እንዲያስረዱ ይጠየቁ። «ገባኝ» የምትለው ቃል በሠራዊታችን ዘንድ ብዙ ጉድ ትሸፍናለችና! እንክብሉም በየዕለቱ ከማይቀር ነገር ጋር ይያያዝ፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ ሻይ ጋር።

የዝውውር ወይም የግዳጅ ትእዛዝ የደረሰ እንደሆነ ከመነሣት በፊት ለጉዞውና ለመቆያው የሚበቃ መድኃኒት ይጠየቅ። ጓደኞቹ እንዳያዩበት የሚሰጋ ወታደር የዕቃውን ጽሑፍ ሊልጥ ይችላል፤ እንክብሉን ግን በወረቀት ጠቅልሎ በኪሱ አይያዝ፤ እርጥበት ያበላሸዋል።