ዐሥራ ሁለት ፀሐይ

ኮምፒዩተር ብልህ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ የምቀመጥ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ብልህነቱን ሳይሆን ታዛዥነቱን ነው የማውቀው። ጠዋት ጠዋት አቃቂ ላይ ታክሲ ስጠብቅ የማየው ተራ አስከባሪ በብዙ ይበልጠዋል። የሁለቱም ሕግ አንድ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይሳፈር። ነገር ግን ሕፃን ያዘለች እናት ስትመጣ ተራ አስከባሪው ማንም ሳያዘው ሰልፉን ገታ አድርጎ ያሳፍራታል። ኮምፒዩተሩ ግን «ሕፃን ያዘለች ብትመጣ አስቀድም» የሚል መስመር ካልተጻፈለት እናቲቱ ከሰልፉ ጅራት ላይ ብትመሽም ግድ የለውም። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ ክፉ ለመሆንም ማሰብ ያስፈልጋል።

ይህ ተጽፎ የሚሰጠው የትእዛዝ ቅደም ተከተል አልጎሪዝም ይባላል። ስሙ የተገኘው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይሠሩ ከነበሩት የሒሳብ ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ነው፤ በላቲን ጸሐፍት አፍ ሲንከባለል እንዲህ ሆኖ ቀረ። ቃሉ ይከብዳል እንጂ ግብሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጡበት ባሕረ ሐሳብ አልጎሪዝም ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

እስቲ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካን እናውጣ። 5500 እና 2018 ሲደመር 7518 ነው። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ስንተው ወንበር 12 ይሆናል። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ ይሉታል። እዚህ ላይ መንገዱ መንታ ነው፦ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ስለሆነ መባጃ ሐመር 25 ሆነ። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፤ 30ው ሲገደፍ 4። እነሆ ሚያዝያ 4 ቀን! (ወሩ ሚያዝያ መሆኑም በሕግ የሚወሰን ነው፤ እርሱን ለመምህራኑ እተዋለሁ።)

ኮምፒዩተርም የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ይደምራል፣ ይገድፋል፣ «ቢሆን በዚህ፣ ባይሆን በዚያ» ብሎ ይሄዳል። በፍጥነት መምህሩን ያስንቃል፤ ግን ፋሲካን ሲያሰላ ውሎ አንድም ቀን ጾሞ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ወደ ፊደላችን ለመድረስ ነው። ኮምፒዩተር ፊደል አይለይም፤ የሚለየው ቁጥር ነው። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጠው፦ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሦስቱ፣ ለእርሱ ሦስት የማይተዋወቁ እንግዶች ናቸው። አሁን ፀሐይ የምትባል ደንበኛ በአማርኛ ከተጻፈ ዝርዝር ውስጥ ትፈለግ እንበል። መነሻዋ በጸ ወይም በፀ፤ መካከሏ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ ዐሥራ ሁለት ፀሐይ! አንዷ መስኮቱ ጋ ቆማ «እኔ ነኝ» ትላለች፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ «እንዲህ ያለች ሴት የለችም» ይላል።

ታዲያ አንዳንድ ወዳጆቼ መፍትሔው ሞክሼ ፊደላትን መጣል ነው ይላሉ። ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ የጽሕፈት መኪና በነገሠበት ዘመንም ፊደሉ በዛ፣ ይቀነስ የሚሉ ነበሩ። መኪናዋ ዛሬ ጡረታ ወጥታ አቧራ ለብሳለች፤ ፊደሉ ግን አለ። ያኔ ብንቀንሰው ኖሮ ለማን ብለን እንደቀነስነው ማስረዳት በቸገረን ነበር። ዛሬም ለታዛዥ ዕቃ ብሎ ባለቤቱ ፊደሉን የሚቆርጥበት ምክንያት አይታየኝም። ባሕረ ሐሳብ «ከ14 ቢበልጥ፣ ቢያንስ» ብሎ መንታውን መንገድ በአንድ ሕግ እንደሠራ፣ ለእዚህም ጥቂት መስመር ይበቃዋል፦ ስም ስትፈልግ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ቁጠር፤ ስትጽፍ ግን ባለቤቷ እንደጻፈችው ተው። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው የቡና ዕረፍት ያህል እንኳ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሁለተኛዋን ሐረግ እንዳይረሳብን ደግሞ አደራ እላለሁ። በግዕዝ ሰአለ ማለት ለመነ፣ ሠዐለ ማለት ሥዕል ሣለ ነው፤ በአንዲት ፊደል ምክንያት የከተማችን ሠዓልያን ሁሉ ከዝርዝሩ ላይ ለማኝ ሆነው ቢገኙ፣ ስሞታውን ይዘው የሚመጡት ወደ ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ወደ እኔ መስኮት ነው።